ቀለበቱን ወደን ሠሪውን መጥላት ይብቃን

እስቲ ጣታችሁን ተመልከቱ። የብር ቀለበት አድርጋችኋል? ታዲያ ማን ሠራው? ብሩን በእሳት ያቀለጠው፣ በመዶሻ ያቀጠነው፣ በሞረድ ያለሰለሰው አንጥረኛ ነው። ሠርግ ሲደርስ ደጁን እንጠናለን። ልጃችንን ለልጁ ሲጠይቅ ግን «እንዴት ተደርጎ!» እንላለን። ማረሻና ማጭድ የሚያበጅልንንም ሰው «ቡዳ» እያልን እንሰድባለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ቢነገርም ስድቡ ከአፋችን ጨርሶ አልወጣም።

«ሙያው የዘር ነው፤ ካልተወለዱበት አይገባም» የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው! ሙያ በመማር ይገኛል። ሥራውን እንየው።

ድሮ አንጥረኛው ብዙ ጊዜ የሚያቀልጠው የማርያ ትሬዛን ብር ነበር። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ንጹሑ ብር ከ23 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወናፉ የሚነፋውም ከሰሉ ይህን ያህል እንዲግል ነው። ብር ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፤ ዝም ብለው ሲመቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመካከሉ እሳት ውስጥ አግብቶ ማለዘብ ያስፈልጋል። ይህ እውቀት እንጂ አስማት አይደለም።

ልኩም በሒሳብ ነው። ጣቱን በክር ለኩ። ክሩ 60 ሚሊ ሜትር፣ የብሩ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የውፍረቱን ሦስት እጥፍ ጨምሩና 66 ሚሊ ሜትር ቁረጡ። ያለዚያ ቀለበቱ ይጠብባል። ጀማሪ ደግሞ በመዳብ ሽቦ ይለማመድ፤ ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠረ አንጥረኛ የተቀበለውን ብር መዝኖ በደብተር ይጽፋል፤ «ብሬ ጎደለ» ከሚል ደንበኛ ጋርም አይጣላም።

አሁን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ የሚሰደብበትን ሙያ ማን ለልጁ ያወርሳል? አባት መዶሻውን ይደብቃል፤ ልጅም ከሙያው ይሸሻል። በስድባችን የምናጠፋው የራሳችንን እጅ ሥራ ነው እኮ!

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ወንድም ሴትም ልጃችሁ ወናፍ ልንፋ ቢል አትከልክሉት። አንጥረኛውን በዕድር፣ በሰንበቴ፣ በጋብቻም አትለዩት። እናንተም አንጥረኞች፣ የምታውቁትን ለሚጠይቃችሁ ሁሉ አስተምሩ፤ በደብተርም አስፍሩት። ቀለበቱ ካኮራን ሠሪውም ሊያኮራን ይገባል።