ጨው ስንገዛ ምን እንጠይቃለን?

ችግር በችግር ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። አንድ በሽታ ተረት እስኪሆን ከተለመደ በአገሩ ምን ያህል ቤተኛ እንደነበረ መገመት አያቅትም። አያቴም እንቅርት ነበረባቸው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን የእርጅና ምልክት ይመስለን ነበር።

የእንቅርት ዋነኛ መንስኤ የአዮዲን እጥረት ነው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ የአንድ ሚሊግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የደጋው አፈር በጎርፍ ሲታጠብ አዮዲኑም አብሮ ስለሚሄድ ከጤፉም ከጎመኑም በቂውን አናገኝም። ሁሉም ሰው በየቀኑ በሚበላው ጨው ላይ እንዲጨመር የተደረገው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሳ ድረስ አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣልን ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ አፋር ጨው አዞርን፤ አዮዲኑ ግን ተረሳ። የምንበላው ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እኔም ሆንኩ አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች የተወለድነው በዚሁ መሀል ነው! እንቅርትማ ይታያል፤ የሚብሰው የማይታየው ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲያጥራት የሚጎዳው የልጇ አእምሮ ነውና።

«ደንቡ ወጣ አይደል፣ ታዲያ ምን ቀረ?» የሚል አይጠፋም። የቀረው የእኛው ድርሻ ነው። አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀት አይወድም። ባለሱቁ ጆንያውን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ካቆመው፣ እኛም ወጡ ገና ሲጣድ ጨዉን ከጨመርን፣ የምንበላው ጣዕሙን ብቻ ሊሆን ይችላል። አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን እሽግ መግዛት፣ በተከደነ ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨው መጨመር፤ በቃ ይኸው ነው። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? ጨው ሲወደድ ዜና ነው። ዋጋ ሲጨምር ግን ሕዝቡ ራሱ ይጮሃል፤ አዮዲን ሲጎድል የሚጮህ የለም። እስቲ በየገበያው ወጥተን «ይሄ ጨው አዮዲን አለው ወይ? ማንስ ፈተሸው?» ብለን እንጠይቅ። ሙያችን ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?