ቪትዝ ላይ ሱፐርቻርጀር? ተው ወንድሜ!

ዕቁብ ሲወጣለት «ቪትዟ ላይ ሱፐርቻርጀር ላስገጥም ወይስ ሸጬ ከፍ ያለ ሞተር ልግዛ?» ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው። ሱፐርቻርጀሩን እርሳው። መሸጡንም ቢሆን ቆይ፣ መጀመሪያ መኪናዋን አስመርምራት። ኮመንት ላይ ከመዝመታችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ይህን የምጽፈው አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዕቁብ ብሩን ለዚህ ጉዳይ ሊያፈስ ስለሆነ ነው። ክረምት ሲመጣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ ጎጃም የሚሄድ ሰው ነው። ብሩ ብቻ ቢሆን እኮ ዝም እል ነበር።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር፤ ጥያቄው የቂል ጥያቄ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። የድሮዋ ቪትዝ ሞተር 997 ሲሲ ነው፤ ወረቀቱ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ይላል። ያ ግን ባሕር ወለል ላይ ባለው አየር ነው። እዚህ 50 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሃያ ያህሉን ፈረስ ከፍታው በልቶታል ማለት ነው። ሱፐርቻርጀር ደግሞ በሞተሩ ጉልበት፣ በቺንጋ የሚዞር የአየር ፓምፕ ነው፤ አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አንድ ሦስተኛ ያህል አየር ቢጨምር የጠፋውን መለሰ ማለት ነው። «ሞተሩን አናስጨንቀውም፣ ፋብሪካው ወደሰጠው ጉልበት ነው የምንመልሰው» የሚሉት ሰዎች፣ አዲስ አበባ ውስጥ እስከቆምክ ድረስ፣ ትክክል ናቸው።

ችግሩ አዲስ አበባ ውስጥ አትቆምም። ጎሃ ጽዮንን አልፈህ ዓባይ በረሃ ስትገባ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ታች ድልድዩ ጋ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። በቺንጋ የሚዞረው ፓምፕ ግን የት እንዳለህ አያውቅም፤ ላይ ያበዛውን ያህል ታችም ያበዛዋል። የጠፋውን መመለሱ ቀርቶ ፋብሪካው ያላሰበውን ጫና መጫን ይጀምራል። እና ሙሉ ጉልበት የምትጠይቀው መቼ ነው? ልክ እዚያው! ከድልድዩ ጀምሮ እስከ ደጀን ዳገቱን ስትይዝ፣ ሞተሩ በጋለበት፣ ቤተሰብ ሞልተህ። ያኔ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይደበድበዋል። «ጥሩ ቤንዚን እሞላለሁ» እንዳትለኝ፤ ማደያው የሚሰጥህን ነው የምትሞላው። አዋሽና መተሐራ ለሚወርድ ሰውም ነገሩ ያው ነው።

ይህን በአግባቡ መሥራት አይቻልም አላልኩም። ቶዮታ ራሱ ያሪስን ሱፐርቻርጅ አድርጎ ለአውሮፓ 400 ብቻ ሸጧል፤ ጂአርኤምኤን የሚሏት፣ 212 ፈረስ ያላት። ግን ምን አደረገ? የ1 ሊትሩን ሞተር አልነካም፤ 1.8 ሊትር ሞተር አስገባ። ፍሬኑን አሳደገ፣ አሞርዛተሩን ቀየረ። ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ጋራዥ ውስጥ በሁለት ቀን ብሎን ፈትቶ የሚያስርልህ ሰው ከየት አምጥቶ ነው «አታስብ» የሚልህ? ኢንጀክተሩ ካልተለወጠ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ካልተስተካከለ፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ካልተገጠመ፣ የቴስታታ ጉርኒሲዮን የሚበላ ዕቃ ነው የገዛኸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሰሌዳ ላይ እንደምሠራው ልሥራው። መኪናዋ ከነቤተሰቡና ከነሻንጣው 1,250 ኪሎ ትሁን። ዳገቱን 8 ከመቶ ብለን እንውሰደው፤ ፍጥነት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ከ13 ኪሎዋት በላይ፣ ለጎማና ለአየር ግጭት 3 ያህል። ድምሩ 17 ኪሎዋት፣ ማለትም 23 ፈረስ ገደማ። ካምቢዮ ውስጥ የሚባክነውን ጨምረህ 26 በለው። ሃምሳ ፈረስ እያለህ 26 ያጥርሃል?

ታዲያ ለምን ትሞታለች? በአራተኛ ማርሽ ስለምትወጣ ነዋ! በአራተኛ 50 ስትሄድ ሞተሩ የሚዞረው 2,000 ገደማ ነው፤ በዚያ ዙር 20 ፈረስ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ አስገባ። ዙሩ 4,000 ይደርሳል፣ 40 ፈረስ ገደማ ታገኛለህ። «ሞተሩ ጮኸ» ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ይጩህ! ለዚያ ነው የተሠራው። የሚጎዳው ዝቅ ባለ ዙር ጉሮሮውን አንቀህ ስትረግጠው ነው።

ማርሹንም አስተካክለህ ካልወጣች፣ ከፍታው ሳይሆን ሌላ ሌባ አለ ማለት ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል፣ ካንዴላው አርጅቶ ይሆናል፣ ፍሬኑ ሳይለቅ እየጎተተ ይሆናል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት ይሆናል። ካታሊስቱ የተደፈነ መኪናማ አፉን አስረህ ሩጥ እንደማለት ነው። የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካ፤ ፋሻው አልቆ ከሆነ ሱፐርቻርጀር የሚጨምርልህ ጭስ ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ቢያልቅ የምታወጣው ለዚያ ፓምፕ ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም።

ሲወርዱስ? ደጀን የወጣው ሰው እኮ ሲመለስ መልሶ ይወርዳል። ሱፐርቻርጀር ፍሬን አያሳድግም። የፊቱ ዲስክ ያው ትንሿ ዲስክ ናት፣ ከኋላ ጭራሹን ዲስክ የላትም። ላይ ላይ ፈጥኖ የለመደ እግር ታችም ፈጥኖ ነው የሚገባው። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል።

ኢንሹራንሱን ሳታሳውቅ ሞተር ነካክተህ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚከተል ራስህ ጠይቃቸው። መሸጥ ቢያምርህ ደግሞ እዚህ አገር ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሞተሩ ተነክቷል?» ነው። ያንን ሁሉ ብር የከፈልክበትን ዕቃ ደላላው እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንስልሃል።

«እገሌ አስገጥሞ አንድ ዓመት ሆነው» የምትሉ፣ እገሌ ከቦሌ ሲኤምሲ ነው የሚመላለሰው። ዓባይን ጠይቁት።

መሸጥ ያለበትስ ማነው? ዓመቱን ሙሉ አምስት ሰውና ዕቃ ጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው። እሱ መኪናዋን ሳትነካካ በደህና ዋጋ ይሽጥና 1.3 ወይም 1.5 ሞተር ያላት ይግዛ። ከ2016 ወዲህ ከኤሌክትሪክ ውጭ ያለ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ገበያው ውስጥ ያለውን ነው የምትመርጠው፤ ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት በራስህ መካኒክ አስፈትሽ፣ ሻጩ በሚያመጣው አይደለም። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ኤሌክትሪኳንም አስባት፤ ሞተሯ አየር ስለማይተነፍስ እንጦጦ ላይም ጉልበቷ ያው ነው። ለጎጃም መንገድ ግን ቻርጅ የት የት እንደምታደርግ በስም ቆጥረህ ካልጨረስክ አትነሳ።

ለባልደረባዬ ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ይዘናል። ካንዴላና ፊልትሮ ይገዛል፣ የሲሊንደር ግፊት ይለካል፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ እንጦጦን እንወጣለን።