ወንበር፣ ገመድ እና የታጠፈ ብርድ ልብስ

ወገቡን የሚያመው ሰው ዮጋ ሊጀምር ሲያስብ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ዋጋውን፣ ሰዓቱንና ሰፈሩን ነው። ከዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን መምህሩ በማን እጅ፣ ለስንት ዓመት እንደተማረና ከሕመምተኛ ጋር የመሥራት ልምድ እንዳለው ነው። በብዙ አገር በተለመደው መስፈርት የ200 ሰዓት ሥልጠና የጨረሰ ሰው የዮጋ መምህር ተብሎ ክፍል ይከፍታል። ይህ ለጤነኛ ሰው መሠረታዊውን እንቅስቃሴ ለማሳየት ይበቃ ይሆናል። የታመመ አካል ላይ እጅ ለማሳረፍ ግን አይበቃም። እንዲህ እንድል ያደረገኝ የቢ.ኬ.ኤስ. አይንጋር ሕይወት ነው።

አይንጋር የተወለዱት በ1918 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ሕንድ፣ ቤሉር በምትባል መንደር ነው። ያን ጊዜ ዓለምን ያዳረሰውን ኢንፍሉዌንዛ እኛ «የኅዳር በሽታ» ብለን እናውቀዋለን። እናታቸው አይንጋርን አርግዘው ሳለ ይኸው በሽታ ይዟቸው ነበር። ልጁም እጅና እግሩ የቀጠነ፣ አቅም የሌለው ሆኖ ተወለደ። በላዩ ላይ ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ተፈራረቁበት። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። በዓለም እጅግ ከታወቁት የዮጋ መምህራን አንዱ የሆኑት ሰው አነሳስ ይህ ነበር።

እህታቸውን ያገቡት ቲሩማላይ ክሪሽናማቻሪያ በ1934 ወደ ማይሶር አስመጧቸው። ክሪሽናማቻሪያ በማይሶር ንጉሥ ቤተ መንግሥት ዮጋ የሚያስተምሩ፣ ብዙ የተማሩ፣ ቁጣቸውም የሚያስፈራ ሰው ነበሩ። አይንጋር ኋላ እንደተናገሩት፣ በማይሶር በቆዩባቸው ዓመታት መምህራቸው ቁጭ ብለው ያስተማሯቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ በተመልካች ፊት አንዱን እግር ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ዘርግቶ መሬት ላይ የመቀመጡን ከባድ እንቅስቃሴ በድንገት እንዲያሳዩ አዘዟቸው። እንቢ ማለት አልተቻለም፤ አደረጉት፤ የጭናቸው ጅማትም ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደልብ መራመድ አቃታቸው። ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ሳይዘጋጅ የተገፋ አካል ምን እንደሚሆን ግን ከሥልጠና መጽሐፍ ይልቅ በግልጽ ያሳያል።

በ1937፣ ገና በ18 ዓመታቸው፣ ቋንቋውን ወደማያውቁበት ፑኔ ከተማ ለማስተማር ተላኩ። ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ በጉልበት ይበልጧቸው ነበር። የሚበሉት አጥተው በውሃና በሻይ የዋሉባቸው ቀናት ነበሩ። የሚጠይቁት ሰው ስላልነበራቸው በቀን ለብዙ ሰዓታት ብቻቸውን ይለማመዱ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ወገብ ምን እንደሚሆን፣ ትከሻ ሲከፈት ትንፋሽ እንዴት እንደሚለወጥ በራሳቸው አካል ይፈትሹ ነበር። ጎካሌ የተባሉ ሐኪም ስለ ሰው አካል ሲያስረዱ አይንጋር ከጎናቸው ሆነው እንቅስቃሴውን ያሳዩ እንደነበርም ይታወቃል። ትምህርት ቤታቸው ይኸው ነበር ማለት ይቻላል።

ዓለም ያወቃቸው ከ1952 በኋላ ነው። ስመ ጥሩው ቫዮሊን ተጫዋች ዪሁዲ ሜኑሂን ወደ ሕንድ በመጣ ጊዜ ድካምና እንቅልፍ ማጣት አስቸግሮት ነበር፤ ለአይንጋር የሰጣቸው የአጭር ጊዜ ቀጠሮ ለሰዓታት ተራዘመ። በ1954 ወደ ስዊዘርላንድ ወሰዳቸው፤ «ለምርጥ የቫዮሊን መምህሬ» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ሰዓትም ሸለማቸው። በ1966 የታተመው «ላይት ኦን ዮጋ» የተባለው መጽሐፋቸውም በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዝናቸው ሳይሆን ወንበሩ ነው። በትከሻ ተደግፎ እግርን ወደ ላይ የማቆም እንቅስቃሴ አለ፤ አንገቱን ለሚያመው ወይም አቅም ላነሰው ሰው በባዶ ወለል ላይ አደገኛ ነው። አይንጋር ተራ ተጣጣፊ የብረት ወንበር አመጡ። ተማሪው ፊቱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አዙሮ ይቀመጣል፤ እግሮቹን በመደገፊያው ላይ ያሳልፋል፤ የወንበሩን እግሮች ይዞ ቀስ እያለ ወደኋላ ይወርዳል። ትከሻው መሬት ላይ በተነጠፈው የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ያርፋል፤ ጭንቅላቱ ከብርድ ልብሱ ዝቅ ብሎ ወለሉን ይነካል፤ አንገቱ ክብደት አይሸከምም። ከታፋው በታች ያለውን ክብደት ወንበሩ ይይዝለታል። እንዲህ ሆኖ፣ ራሱን ችሎ አንድ ደቂቃ መቆም የማይችል ሰው ረዘም ላለ ጊዜ በጸጥታ ይተነፍሳል። ግድግዳ ላይ የታሰረው ገመድ፣ የእንጨቱ ጡብ፣ ቀበቶው ሁሉ ለዚሁ ነው፤ ሕመምተኛው ወደ እንቅስቃሴው እንዲደርስ ከመገፋት እንቅስቃሴው ወደ ሕመምተኛው እንዲመጣ። በ1975 በፑኔ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሞቱት ባለቤታቸው በራማማኒ ስም በከፈቱት ተቋም ለሕመምተኞች የተለየ ክፍል ነበር፤ ታማሚውን ረዳቶች ይዘው ይደግፉታል፤ መምህሩ ብርድ ልብሱን በአንድ እጥፋት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ።

አይንጋር በተማሪዎቻቸው ላይ በቁጣ የሚጮኹ፣ በጥፊም የሚመቷቸው ሰው ነበሩ። ደቀ መዛሙርታቸው ንቁ ለማድረግ ነው እያሉ ያስረዳሉ። እኔ አልቀበለውም። በክሪሽናማቻሪያ ቁጣ የተጎዳ ሰው ያንኑ ቁጣ ወደ ክፍሉ ይዞ መግባቱ ያሳዝነኛል፤ የሚፈራ ሰው ጡንቻው እንደማይላላም ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዘዴውን ስንወርስ ጥፊውን መተው አለብን።

ፈውስ የሚለውን ቃል በተመለከተም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2017 ይፋ በሆነ የቦስተን ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 320 ሰዎች ተሳትፈው፣ ለሕመሙ ተብሎ የተዘጋጀ የ12 ሳምንት የዮጋ ትምህርት ከፊዚዮቴራፒ እንዳላነሰ ታይቷል። ትልቅ ነገር ነው፤ ለወገብ ሕመም። ከዚህ ተነስቶ ስኳርን ያጠፋል፣ ካንሰርን ይፈውሳል፣ መድኃኒትህን ተው የሚል መምህር ሕይወት ላይ እየቀለደ ነው። በጭንቅላት መቆም የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ፈጽሞ ሊሞክረው አይገባም። የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰውም እንዲሁ።

ስለዚህ ዮጋ ቤት ስትገቡ መምህሩ ስለ ዓይናችሁ፣ ስለ ደም ግፊታችሁ፣ ስለ እርግዝናችሁ፣ ስለ ቆየ ስብራታችሁ ይጠይቃችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት። እናንተም ማን እንዳስተማረው ጠይቁት፤ ይህን እንቅስቃሴ መሥራት ባልችል በምን ትተካልኛለህ በሉት። ወንበርና ብርድ ልብስ ካቀረበላችሁ ቆዩ፤ «ትለምዱታላችሁ» ብሎ ከገፋችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።