አሰልጣኝ ስንመርጥ ምን እንቁጠር? የዐፄዎቹ ደጋፊዎች ክርክርና የዳታ ነገር

ፋሲል ከነማ በተከታታይ ነጥብ ከጣለ ጎንደር ውስጥ ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ ይታወቃል። መጀመሪያ «አሰልጣኙ ይሂድልን!» ይባላል። ወዲያው ደግሞ «ማን ይምጣ?» ይከተላል። ፒያሳ ካፌ፣ አዘዞ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ዳባትና ደባርቅም ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ሁሉ ስም ይደረደራል።

አሁን አሁን ክርክሩ ውስጥ አዲስ ነገር ገብቷል፦ ቁጥር። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ «ኳስ ቁጥጥር፣ የግብ ሙከራ፣ ኤክስጂ» ማለት ሲጀምር፣ ስታዲየም ውስጥ ያደገው ታላቁ «ተወው ባክህ፣ ኳስ በካልኩሌተር አይጫወትም» ይለዋል።

ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። የእኛ ሀሳብ ይሄ ነው፦ ቁጥር አሰልጣኝ አይመርጥልንም። ግን «ይሄ ውጤት የአሰልጣኙ ሥራ ነው ወይስ የሁኔታው?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ይህን ሳንጠይቅ ከቀረን የምናባርረውም የምንቀጥረውም በስሜት ነው። ክለቡ ደግሞ የከተማው ነው። አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር የሚወጣው ገንዘብና የሚባክነው ጊዜ የሁላችንም ነው።

መዝገቡ ምን ይላል?

ዐፄዎቹ በ2009 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ከተቀላቀሉ ወዲህ ደጋፊው አዘውትሮ የሚያነሳቸው ሦስት ስሞች አሉ።

ውበቱ አባተ፦ በ2003 ኢትዮጵያ ቡናን የሊጉ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። በ2011 ፋሲልን ይዞ በመቐለ 70 እንደርታ ለጥቂት ተቀድሞ 2ኛ ሆነ። ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅቶ በ2015 ክረምት ወደ ጎንደሩ ክለብ ተመለሰ።

ሥዩም ከበደ፦ በ2013 ለፋሲል የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አመጣ፤ ያውም ጨዋታዎች እየቀሩ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ግን ከክለቡ ጋር ተለያየ።

ኃይሉ ነጋሽ፦ ከምክትልነት ተነስቶ ቡድኑን ተረከበ። ፋሲልም በ2014 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ 2ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ይህን ብቻ ያየ ሰው «ዋንጫ ያመጣው ሥዩም ነው፣ ክርክሩ አለቀ» ሊል ይችላል። ቆይ፣ አላለቀም።

አንድ ዓይነት ሊግ አልነበረም

በ2011 ሊጉ 16 ክለብ ነበረው፤ አንድ ቡድን 30 ጨዋታ ይጫወታል። ፋሲልም ግማሹን በሜዳው፣ ፋሲለደስ ስታዲየም፣ በደጋፊው ፊት ነው የሚጫወተው። እንግዳው ቡድን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ ወጥቶ፣ ያንን ጩኸት ችሎ ነው የሚጫወተው።

በ2013 የተለየ ነበር። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልነበሩ ሊጉ በ13 ክለብ፣ በ24 ጨዋታ ተካሄደ። በኮቪድ የተነሳ ተመልካች ተገድቦ ነበር። ከሱፐርስፖርት ጋር የተፈረመው የ5 ዓመት የቴሌቪዥን ውል የጀመረውም ያኔ ስለሆነ፣ ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተሰብስበው ተካሄዱ። ጎንደር አልነበረችበትም።

በመሃል ያለውን 2012ን ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። በኮቪድ ምክንያት ውድድሩ ተሰርዞ ሻምፒዮን ሳይኖር ቀረ። ከአንድ አሰልጣኝ ሥራ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው።

እንግዲህ የ2011ን ነጥብ ከ2013 ነጥብ ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር ይቻላል? የሜዳ ጥቅም ያለው ቡድንና ዓመቱን ሙሉ ሆቴል የሚያድር ቡድን አንድ አይደሉም። ይሄ የሥዩምን ዋንጫ አያሳንሰውም። እንዲያውም ከሜዳው ርቆ፣ ያለ ደጋፊው ማሸነፉ ያከብደዋል የሚል ሰው ጥሩ ክርክር አለው። ዋናው ነገር ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ለፍርድ እንዳይቀርብ ነው።

ቁጥር ሲያሳስት

በዚያው በ2013 የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ማን ነበር? የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር። 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። ዋንጫውን ግን ፋሲል ወሰደ። አንድ ትልቅ ቁጥር ቡድን አይሠራም።

ሌላም አለ። በ2014 መጀመሪያ ፋሲል በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ የሱዳኑን አል ሂላልን ገጠመ። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1። ከዚያ የአፍሪካ ኃያል ቡድን ጋር ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አልተሸነፈም፤ ግን ከሜዳ ውጪ በሚቆጠር ግብ ወጣ። መዝገቡ ላይ የሚነበበው «ከቅድመ ማጣሪያ ወጣ» የሚለው ነው።

የጥር 2014ቱን የአፍሪካ ዋንጫም አስታውሱ። ዋልያዎቹ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጫወቱ የፋሲሉ ተከላካይ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ በ10 ሰው ተጫውታ 1 ለ 0 ተሸነፈች። የዚያን ቀን የሙከራ ብዛት ቆጥሮ ውበቱን ማሞገስም ሆነ መውቀስ ዋጋ የለውም።

ሊቨርፑል ጋ ምን ሆነ?

ብዙዎቻችሁ የእንግሊዝ ኳስ ስለምታዩ ይሄ ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ2014/15 የየርገን ክሎፕ ዶርትሙንድ በክረምቱ የቡንደስሊጋው ግርጌ ላይ ወርዶ ነበር፤ በመጨረሻ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። በነጥብ ብቻ ካየነው አልቆለት ነበር።

የሊቨርፑል የዳታ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኢያን ግራሃም ግን ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ሲመረምር ሌላ ነገር አገኘ። ዶርትሙንድ የሚፈጥረው ዕድል ብዙ፣ ለተጋጣሚ የሚሰጠው ዕድል ትንሽ ነበር። ኳሷ ብቻ አልገባ ብላለች። ሊቨርፑል ክሎፕን በጥቅምት 2015 ቀጠረ። በ2019 ቻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ መጣ።

ኤክስጂ የሚባለውም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። እያንዳንዱ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉ ስንት እንደሆነ ይቆጠራል። ፍጹም ቅጣት ምት 0.76 እስከ 0.79 ገደማ ይሰጠዋል፤ ከ100 ውስጥ ከ75 በላይ ይገባል እንደማለት ነው። ከ30 ሜትር የተመታ ኳስ ግን እዚህ ግባ የሚባል ቁጥር የለውም። የአንድ ጨዋታ ኤክስጂ ብዙ አይናገርም፤ የ20 ጨዋታ ድምር ግን ይናገራል።

እኛ ጋስ?

ሊቨርፑል የነበረው መረጃ እኛ እጅ የለም። የሀገራችን ደጋፊ በአብዛኛው የሚያገኘው ውጤት፣ ነጥብ፣ ግብ አግቢና ካርድ ነው። ግን ጨዋታው በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ በዓይን እያዩ መቁጠር ይቻላል። ለዚህ ስልክና አንድ ደብተር ይበቃል። የሚቀጥለው አሰልጣኝ ማንም ይሁን ማን፣ እነዚህን አራት ነገሮች እንቁጠርለት፦

1. ከሳጥን ውስጥ የተሞከረ ኳስ። ስንት ሞከርን፣ ስንት ተሞከረብን? ኳስ ቁጥጥር ብቻውን ያታልላል፤ መሀል ሜዳ ላይ እርስ በርስ መቀባበልም ኳስ ቁጥጥር ነው።

2. ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የሆነው። መርተን ስንት ጊዜ ተቀደምን? ተቀይሮ የገባው ተጫዋች ጨዋታውን ለወጠው ወይ? እዚህ ላይ የአሰልጣኙ እጅ በደንብ ይታያል።

3. ቦታና አየር። ድሬዳዋ ሙቀት ላይ የተገኘ ነጥብና ደጋ ላይ የተገኘ ነጥብ ለየብቻ ይጻፍ።

4. ለወጣት የተሰጠ ደቂቃ። ከጎንደርና ከአካባቢዋ የወጣ ልጅ በዓመት ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ ነበር? «ለወጣት ዕድል እሰጣለሁ» ማለት ለሁሉም ይቀላል፤ ደቂቃው ግን አይዋሽም።

አምስተኛ ካስፈለገ መደጋገም ነው። ገብረመድህን ኃይሌን እዩት። በ2010 በጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 በመቐለ 70 እንደርታ፣ በ2017 በኢትዮጵያ መድን፣ ሦስት የሊግ ዋንጫ ከሦስት ክለብ ጋር። አንድ ዋንጫ የዕድል ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹም ከተማውም ተቀያይሮ ሦስቴ ከተደገመ ግን ዕድል ማለት ይከብዳል።

ቁጥር የማያየው

ታላላቆቻችን የሚሉትን አንጣለው። ቁጥር የማይደርስበት ቦታ አለ። ደሞዝ ሲዘገይ ተጫዋቹን አረጋግቶ ሜዳ የሚያስገባ አሰልጣኝ አለ። ቤተሰቡ መንገድ ተዘግቶበት የሚጨነቅ ልጅን አናግሮ የሚያበረታ አለ። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ የክለባችንን ውጤት እንኳ በስልክ ሰው ጠይቀን ነበር የምንሰማው። በዚያ ጊዜ ቡድን ይዞ መቆየት በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

እነዚህን የሚያውቀው ልምምድ ሲሠሩ የቆመው፣ ተጫዋቹን በቅርብ የሚያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ታላቁ ያየውን ይንገረን፣ ወጣቱ የቆጠረውን ያምጣ። ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ትክክለኛው ጥያቄ የሚወለደው እዚያ ጋ ነው።

ከክለቡ የምንጠብቀው

ክለቡ ሲቀጥርም ሲያሰናብትም «በጋራ ስምምነት» ከሚል አንድ መስመር በላይ ይንገረን። በምን መለኪያ ቀጠራችሁት? በስንት ጨዋታ ምን ትጠብቃላችሁ? ይህ ቀድሞ ከተጻፈ አሰልጣኙም ከጩኸት ይድናል፣ ደጋፊውም የሚጠይቅበት መሠረት ያገኛል። አንድ የቪዲዮ ተንታኝ መቅጠር ደግሞ አሰልጣኝ በየዓመቱ ከመቀያየር ሳይረክስ አይቀርም።

ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ በዓመቱ ሲሄድ አይተናል። የሄደ አሰልጣኝ ሲመለስም አይተናል። ሲሄዱ ለምን እንደሄዱ፣ ሲመጡም ለምን እንደመጡ በደንብ የተነገረን ግን ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ይሂድ!» ከማለታችን በፊት ደብተሩን እንግለጥ።

እናንተስ? ዐፄዎቹን ማን ይያዝ? ስም ብቻ ሳይሆን ምክንያታችሁንም ጻፉልን።