ስለ ወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጥቂት ቃል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የያዘ ወጣት በታየ ቁጥር «ይህ ልጅ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል፤ ደግሞም መስረቅና መግደል ይማርበታል» ማለት የተለመደ ነው። ወላጆችና መምህራን ይህን የሚሉት ለልጆቹ አስበው ስለ ሆነ አነጋገሩን አልንቀውም። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባምና፥ ከነዚህ መጻሕፍት መካከል በሳይንስ ምርመራ ላይ ስለ ተመሠረቱት የበኩሌን አሳብ እንድገልጽ በአምዳችሁ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

የሸርሎክ ሆልምስን ስም የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ሳይንሱን ከጌጥነት አውጥቶ የታሪኩ ምሰሶ ያደረገው ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ኦስቲን ፍሪማን ነው። ይህ ሰው በ1862 ተወልዶ፥ በወጣትነቱ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር በሐኪምነት ሲሠራ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጤናው ስለ ታወከ ፊቱን ወደ ድርሰት አዞረ። የፈጠረው መርማሪ ዶክተር ቶርንዳይክ ሐኪምም ሕግ ዐዋቂም ነው። ማይክሮስኮፕና የመመርመሪያ መሣሪያዎች ያሉባትን አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሳጥን ይዞ ይዞራል። ደራሲው በመጽሐፉ የሚጽፈውን ሙከራ አስቀድሞ በገዛ እጁ ይሞክረው ነበር።

«ኦስካር ብሮድስኪ» የሚለውን ታሪኩን ለምሳሌ ልውሰድ። ታሪኩ በ1912 በታተመ መድበል ውስጥ ይገኛል። አንድ የአልማዝ ነጋዴ ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄድ ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ መንገድ ይጠይቃል። ባለቤቱም አልማዙን ተመኝቶ ይገድለውና፥ አደጋ እንዲመስል ሬሳውን በሐዲድ ላይ ያጋድመዋል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ክፍል ተነግሮ ያልቃል፤ ለአንባቢው የተሰወረ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ቶርንዳይክ ይመጣል። ከሐዲዱ አጠገብ የወደቀውን የሟቹን የዓይን መነጽር ስብርባሪ ለቅሞ ሲመረምር፥ ከመነጽሩ ያልሆነ የመጠጥ ብርጭቆ ስባሪ ተቀላቅሎበት ያገኛል። ከሟቹ ጥርስ መካከልም የጨርቅ ክር ያወጣል። የመጠጥ ብርጭቆ በባቡር ሐዲድ ላይ ምን ይሠራል? መነጽሩ የተሰበረው ከቤት ውስጥ ነው፤ ገዳዩም ስባሪውን ጠርጎ ሲወስድ የብርጭቆውን ስባሪ አብሮ ጠርጎታል ማለት ነው።

እንግዲህ የነዚህ ታሪኮች ጣዕም ይህ ነው። «ገዳዩ ማን ይሆን?» ብሎ መጨነቅ የለም። ጥያቄው «እንዴት ይታወቅ ይሆን?» የሚል ነው። ማስረጃው ሁሉ በአንባቢው ፊት ተዘርግቷል፤ መርማሪው ያየውን እኛም አይተነዋል፥ ነገር ግን አላስተዋልነውም። ማየትና ማስተዋል የተለያዩ መሆናቸውን እንደዚህ አድርጎ የሚያስተምር ሌላ መጽሐፍ ለማግኘት ያዳግታል።

ደግሞም እነዚህ መጻሕፍት ሳይንስን እንደ ጣዖት እንድናመልክ አይነግሩንም። የእንግሊዝ ፖሊስ የጣት አሻራ ክፍሉን ያቋቋመው በ1901 ነው፤ በ1905 ሁለት ወንድማማቾች በገንዘብ ሣጥን ላይ በተገኘ የአውራ ጣት አሻራ በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው። ሁሉም አዲሱን ጥበብ ሲያደንቅ፥ ፍሪማን በ1907 «ቀዩ የአውራ ጣት አሻራ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ንጹሕ ሰው በደም በታተመ አሻራ ይከሰሳል። አሻራው የእሱ ነው፤ ጣቱ ግን ከቦታው አልደረሰም፤ አሻራው በተንኰል ተቀርጾ የታተመ ነበርና። ይህ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ያለፈበት እንዳይመስል፥ በ2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ በፈነዳ ጊዜ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አሻራን በስሕተት አመሳስሎ አንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ማሰሩን፥ በኋላም ይቅርታ መጠየቁን ማስታወስ ይበቃል።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና እየተንገዳገደ ሄዶ ከቤቱ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባል ነበር። ልማዱ ቀርቷል፤ ነገር ግን ሰውን በአመሉ፥ በድኽነቱ ወይም በጎረቤት ሐሜት «እሱ ነው» ማለት በየትም አገር አልጠፋም። የተከሰሰው ራሱ «አዎን፥ አድርጌአለሁ» ቢል እንኳ በቂ አይደለም። በ1986 በእንግሊዝ አገር አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነፍስ ማጥፋቱን ካመነ በኋላ፥ ፕሮፌሰር አሌክ ጄፍሪስ ያገኙት የዲ ኤን ኤ ምርመራ ንጹሕ መሆኑን ገልጦ ነፃ አወጣው። እውነተኛው ገዳይ የተፈረደበት በ1988 ነው። ማስረጃ ይቅደም፥ ፍርድ ይከተል የሚለው ትምህርት ለወጣት የማይጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው ምን እንደ ሆነ አላውቅም።

«መርዝ ያስተምራል» ለሚሉ ደግሞ አንድ መልስ አለኝ። አጋታ ክሪስቲ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመድኃኒት ቤት የሠራች ደራሲ ናት፤ በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ታሊየም የተባለው መርዝ ጠጉርን እንደሚያረግፍ ጻፈች። በ1977 ከካታር ወደ ለንደን የመጣች ሕፃን ሐኪሞቹ ሕመሟ ጠፍቶባቸው ሳለ፥ ያንን መጽሐፍ ታነብ የነበረች ነርስ ምልክቱን ዐውቃ ተናገረች፤ ሕፃኒቱም ዳነች። ዕውቀት ክፉ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ብለን ደግ ሰው እንዳያውቅ መከልከል አይገባንም።

ፍሪማን ነቀፌታ የለበትም ማለቴ አይደለም። በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ ማራባት የሚለውን አሳብ ደግፏል፤ ይህ አስነዋሪ ነው፥ ለአንባቢም ሊነገር ይገባል። የምርመራ ታሪኮቹ ግን ሌላ ናቸው።

ስለዚህ ተርጓሚዎቻችን ወደነዚህ ታሪኮች ፊታቸውን እንዲያዞሩ አሳስባለሁ። ደራሲው የሞተው በ1943 ስለ ሆነ፥ በአገሩ የደራሲነት መብቱ የሚጠበቅበት 70 ዓመት አልፏል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም አንዳንድ ቅጂ ቢይዙ መልካም ነው። የኬሚስትሪ መምህር አንዱን ታሪክ ለተማሪዎቹ አንብቦ «ቶርንዳይክ ይህን እንዴት ዐወቀ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ትምህርቱ ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ሕይወት ይወርዳል።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ የመጻሕፍት ወዳጅ
ከአዲስ አበባ