የክብር ማኅበር አባልነት ሬዚደንሲ ያስገባል?

ልጁ አሜሪካ ውስጥ ኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት እንደገባ የሰማ አበሻ ወላጅ መጀመሪያ ወጌሻ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። እዚያ አገር ግን ዲ.ኦ. ሙሉ ሐኪም ነው። እንደ ኤም.ዲ. ሁሉ መድኃኒት ያዝዛል፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል፣ በ50ውም ግዛቶች ፈቃድ ያገኛል። መንገዱ የሚነሳው አንድሪው ቴይለር ስቲል በ1892 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ፣ ኪርክስቪል ከከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ከአራት የአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች ቢያንስ አንዱ የሚማረው በዚህ በኩል ነው።

ፈተናው የሚመጣው ሬዚደንሲ ላይ ነው። ከ2020 ወዲህ የሁለቱም ወገን ተመራቂዎች የሚወዳደሩት በአንድ አካል እውቅና ለተሰጣቸው ፕሮግራሞች ነው። በ2024 ምደባ ከዲ.ኦ. የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች 92 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቦታ አግኝተዋል። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ የሚሸፍነው ነገርም አለ። ዲ.ኦ.ዎች በብዛት የሚገኙት በቤተሰብ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌና በድንገተኛ ሕክምና ነው። በኒውሮሰርጀሪ፣ በቆዳ ሕክምናና በፕላስቲክ ሰርጀሪ ግን በሩ ይጠባል።

በ2022 ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና፣ የኤም.ዲ.ውም የዲ.ኦ.ውም፣ ውጤቱ “አለፈ” ወይም “ወደቀ” ብቻ ሆነ። ተማሪን ከተማሪ የሚለየው ቁጥር ሲነሳ ሁሉም ሌላ መለያ መፈለግ ጀመረ። የክብር ማኅበራት ጉዳይ ዛሬ የከበደው ለዚህ ነው።

የዲ.ኦ. ተማሪዎች የራሳቸው ማኅበራት አሏቸው። በ1924 የተመሠረተው ሳይ ሲግማ አልፋ በዋናነት የትምህርት ውጤት ያያል። በ1925 የተመሠረተው ሲግማ ሲግማ ፋይ ውጤትን ከማኅበረሰብ አገልግሎት ጋር ይመዝናል። በ2002 የተጀመረው ጎልድ ሂውማኒዝም ደግሞ ለታማሚ ርኅራኄ ያላቸውን ከሁለቱም ወገን ይመርጣል። የሬዚደንሲ ማመልከቻው ራሱ ለእንዲህ ያለ አባልነት ቦታ አለው።

ታዲያ ይጠቅማል? ይጠቅማል፤ መጠኑ ግን መታወቅ አለበት። መቶዎችን አንዳንዴም ሺዎችን ማመልከቻ የሚያገላብጥ ዳይሬክተር ሁለት ተቀራራቢ ተማሪዎች ሲገጥሙት ያቺ አንድ መስመር ሚዛን ልትደፋ ትችላለች። የወደቀ ፈተናን ግን አታነሳም፤ ተማሪውን በሥራ ላይ ካየ ሐኪም የተጻፈ ጠንካራ ደብዳቤንም አትተካም። ዳይሬክተሮች ራሳቸው ሲጠየቁ ከማኅበር አባልነት የሚያስቀድሙት ደብዳቤውን፣ የፈተና ውጤቱንና የትምህርት ቤቱን ግምገማ ነው። በዚያ ላይ ከኤም.ዲ. ወገን የመጣ ዳይሬክተር ከ1902 ጀምሮ ያለውን አልፋ ኦሜጋ አልፋን እያወቀ ሲግማ ሲግማ ፋይን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

ሌላው ጥያቄ የፍትሕ ነው። በ2017 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነጭ ተማሪዎች ወደ አልፋ ኦሜጋ አልፋ የመግባት ዕድላቸው ከጥቁር ተማሪዎች ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል፤ የፈተና ውጤትና ሌሎች ነገሮች ታሳቢ ተደርገው እንኳ። በኒውዮርክ የማውንት ሳይናይ ሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 ተማሪዎችን ለዚህ ማኅበር ማጨቱን አቆመ። ጥናቱ የኤም.ዲ. ተማሪዎችን የሚመለከት ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን ለሁሉም ይሆናል። የአገልግሎት ሰዓት የሚቆጠረው ሰዓት ላለው ነው። ቅዳሜና እሁድ ወላጆቹን የሚያግዝ፣ ታናናሾቹን የሚያስጠና የስደተኛ ልጅም እያገለገለ ነው፤ የሚፈርምለት ግን የለም።

ስለዚህ ዳይሬክተሮች የማኅበሩን ስም አንብበው ከማለፍ ተማሪው ምን እንደሠራ ቢጠይቁ ይሻላል። ማኅበር ውስጥ ያልገባውም ያው ጥያቄ ይገባዋል። ትምህርት ቤቶችም ምርጫው በምን መስፈርት እንደሚካሄድ በግልጽ ያሳውቁ፤ የቤተሰብ ኃላፊነትንም ከአገልግሎት ይቁጠሩት።

ተማሪው ደግሞ ቅደም ተከተሉን አያዛባ። መጀመሪያ ፈተናው፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ልምምዱና ደብዳቤው፣ ከዚያ ማኅበሩ። በነፃ ክሊኒክ የደም ግፊት ሲለካ የከረመ ተማሪ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው አያጣም፤ አባልነቱ ቢመጣ ምርቃት ነው። ለስሙ ብቻ የተመዘገበው ግን “እዚያ ምን ሠራህ?” ሲባል መልስ ያጥረዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሐኪም ሊሆን የተነሳ ሰው ከወረቀቱ ይልቅ ሥራውን ቢይዝ ይሻለዋል።