ከስታዲየሙ በፊት ያለው ሜዳ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ዛሬ በዚህ ግቢ በትምህርት ላይ ካለነው ተማሪዎች አብዛኞቻችን ገና አልተወለድንም ነበር። ስማቸውን የሰማነው ከአባቶቻችንና ከሬዲዮ ነው፤ ያውም «የአፍሪካ እግር ኳስ አባት» ከሚለው ማዕረግ ጋር። ማዕረጉ የሚገባቸው ነው። ነገር ግን ሰውየውን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ከእኛ አርቆብናል። እኔ በበኩሌ ላነሣ የምሻው ኳስ ተጫዋቹን ይድነቃቸውን ነው።

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ድምፃቸውን ጀርመን አገር ድረስ ሄደው በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ ናቸው። የልጅየው ልብ ግን ኳስ ላይ ወደቀ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከዚያ አንሥቶ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ያንኑ የአንድ ቡድን ማሊያ ለበሱ። ከዚህም በላይ ደመወዝ የማያስገኝ ጨዋታ ነበር። መጫወቱ ሲያበቃም ከሜዳው አልራቁም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ የዘር መድልዎ ያራምድ የነበረውን የደቡብ አፍሪካን መንግሥትም በስፖርቱ በኩል አጥብቀው ተከራከሩ።

ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ኳስ ነበረው፤ ሜዳ ነበረው፤ «ና ተጫወት» የሚለው ታላቅ ወንድም የሚሆን ሰው ነበረው። የዛሬው የ14 ዓመት ልጅስ?

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ጮኽን፤ ጨፈርን። ጨዋታው «በሜዳችን» የተደረገ ነው ተባለ፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። በአገራችን ያሉት ስታዲየሞች ለዓለም አቀፍ ውድድር አይበቁም ተብሎ ነውና። ስለ ስታዲየም የሚጽፍና የሚቆጭ መቼም አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከስታዲየሙ በፊት ያለው፣ ሁለት ድንጋይ ጎል የሚሆንበት ሜዳ ነው።

እሱ እያለቀ ነው። በየሰፈሩ ባዶ የነበረው ቦታ ፎቅ በቅሎበታል። እርግጥ በቅርብ ዓመታት ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ትንንሽ ሜዳዎች በከተማው ተሠርተዋል፤ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ልጆች አሁንም የሚጫወቱት አስፋልት ላይ ነው፤ «መኪና!» ሲባል ተበትነው፣ መኪናው ሲያልፍ ተመልሰው። ኳሱ ካልሲ ውስጥ የታጨቀ ጨርቅ ነው። አንድ ጥንድ ታኬታ ከተገኘ አንዱ ቀኙን፣ አንዱ ግራውን ያጠልቃል።

እነዚህን ልጆች የሚሰበስብ ሰው በየሰፈሩ አለ። ቀን ሥራውን ይሠራል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፊሽካውን አንጠልጥሎ 30 ልጅ በአንድ ኳስ ያሠለጥናል። የተቀደደውን የሚሰፋው እሱ፣ የልጁን እናት «ትምህርቱን አይተውም፤ እኔ አለሁ» ብሎ የሚያግባባው እሱ ነው። አንድ ቀን ሲታመም ወይም ሲሞት ቡድኑ በሳምንቱ ይበተናል። ያን ጊዜ የመታሰቢያ ዋንጫ ይዘጋጅለታል፤ ገንዘቡም ለባነር፣ ለቲሸርትና ለክብር እንግዶች ምሳ ይውላል። ለልጆቹ ኳስ የገዛ መታሰቢያ ግን ጥቂት ነው። በሕይወት ሳለ አንድ ኳስ የነፈግነውን ሰው ከሞተ በኋላ በባነር ማክበራችን ማንን ደስ ለማሰኘት ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልምጣ። ሜዳችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባዶውን ይውላል። ልጆቹ በሽቦው ቀዳዳ ያዩታል፤ ሾልከው ሲገቡ ዘበኛው ያባርራቸዋል። በዘበኛው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ያዘዙት ወገኖች ግን ሣሩ ይበላሻል፣ ንብረት ይጠፋል ይላሉ። ሣሩስ ቢሆን ከክረምቱ ወዲህ ለላም እንጂ ለኳስ የሚሆን አልመሰለኝም። ንብረትም ከተባለ ሁለት የዛጉ የጎል ብረቶች ናቸው፤ የ12 ዓመት ልጅ ተሸክሞ አይሄድባቸውም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅዳሜ ከ9 እስከ 11 ሰዓት፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ የአካባቢው ልጆች ስማቸው ተመዝግቦ ከአሠልጣኛቸው ጋር ይግቡ። ልጆች ስል ሴቶቹንም ማለቴ ነው፤ እነሱማ አስፋልቱን እንኳ የሚለቅላቸው የለም። ማኅበራችን ለዓመቱ ውድድር ከሚያወጣው ገንዘብ ቀንሶ አሥር ኳስ ይግዛ። ከእኛም ኳስ የሚያውቅ ያሠልጥን፤ የማያውቅ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠና። በዚህ አሳብ የሚስማማ ሁሉ ከጠቅላላ ስብሰባው በፊት ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ፤ እስካሁን ሰባት ነን።